ከስሞታ ወደ ሥራ፦ ወላጅ የትምህርት ቤቱ መሪና ጠበቃ የሚሆነው እንዴት ነው?



አንድ ወላጅ በዓመት ስንት ጊዜ የትምህርት ቤቱን በር አልፎ ይገባል? ብዙዎቻችን ብንቆጥር ከሦስት አይበልጥም። አንደኛው መስከረም ላይ ልጅ ስናስመዘግብ ነው። ሁለተኛው ልጁ አጥፍቶ "ወላጅ አምጣ" ሲባል ነው። ሦስተኛው ሰኔ ላይ ካርድ ስንቀበል ነው። በእነዚህ መካከል ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ እናወራለን፤ የምናወራው ግን ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ለቅሶ ቤት ተገናኝተን ወይም ገበያ ላይ ቆመን ነው። "መጽሐፍ የለም"፣ "መምህሩ ይቀራል"፣ "ልጄ አምስተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ አይችልም" እንላለን። ስሞታው እውነት ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔ ሊሰጥ ወደሚችለው ሰው ጆሮ ግን አይደርስም።

ይህ ጽሑፍ ስሞታን ወደ ጥያቄ፣ ጥያቄን ወደ ሥራ ስለመለወጥ የቀረበ ትምህርት ነው። ዋና መልእክቱ አንድ ነው። ወላጅ ለትምህርት ቤት የሚጠቅመው በሚያዋጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ማየት፣ መጠየቅ፣ ሌሎችን ማስተባበርና መከታተል ሲችልም ነው። እነዚህ ደግሞ እንደማንኛውም ሙያ በስልጠና የሚገኙ ችሎታዎች ናቸው።

፩. ጉዳዩ ለእኛ ለምን ይብሳል?

አገር ቤት ያለ ትምህርት ቤት ከበላዩ ወረዳ፣ ዞንና ክልል አለው። መምህር ቢጎድል የሚጠየቅ ቢሮ አለ። እዚህ ገዳሪፍና በድንበሩ አካባቢ፣ ከገላባት እስከ ዶካና ከዚያም ወዲህ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልጆቻችን የሚያድጉት በሁለት የትምህርት ሥርዓቶች መካከል ነው። አንዱ በዓረብኛ የሚሰጠው የሱዳን ትምህርት ሲሆን ሌላው የአገራችን ፊደልና ሥርዓተ ትምህርት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ልጅ ቋንቋ ይከብደዋል፤ ወረቀቱም ያጣላዋል።

በዚህ ላይ የኑሯችን ጠባይ አለ። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። አረም ሲደርስ፣ በተለይም ሰሊጥ ሲታጨድ፣ አባት እርሻ ይወርዳል፤ ከፍ ያሉ ወንዶች ልጆችም ይከተሉታል። እናት ሻይ ስትሸጥ ወይም ሰው ቤት ስትሠራ ውላ ማታ ትመለሳለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሳው ጦርነት ደግሞ ብዙ ቤተሰቦችን ወደ ገዳሪፍ አምጥቷል፤ የትምህርት ቤት ክፍሎችም ለተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ነበር። ከዚያ በፊት በ2013 ዓ.ም. የኡም ራኩባ ጣቢያ እንደገና ሲከፈትና ቱናይድባ አዲስ ሲመሠረት፣ ከስደተኞቹ መካከል የነበሩ መምህራን ያለ በቂ ክፍልና ያለ በቂ መጽሐፍ ልጆችን ማስተማር መጀመራቸውን የምናስታውስ ብዙ ነን። ራኩባ በሱዳኖች ቋንቋ ዳስ ማለት ነው። ትምህርት በዳስ ሥር ሊጀመር ይችላል፤ የሚዘልቀው ግን የሚቆምለት ሰው ሲኖር ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ መምህር ይመጣል ይሄዳል፤ ርእሰ መምህር ይለወጣል፤ እርዳታ ሰጪ ድርጅት ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ከአንደኛ ክፍል እስከ መጨረሻው ከልጁ የማይለየው ወላጁ ነው። ስለዚህ ወላጅ ካልሠለጠነ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል።

፪. ከአገራችን ታሪክ ምን እንማራለን?

የመጀመሪያው ትምህርት የሚገኘው ከ"ሴክተር ሪቪው" ነው። በ1964 ዓ.ም. የአገሪቱን ትምህርት ለማሻሻል በባለሙያዎች ሰፊ ጥናት ተካሄደ። ከሐሳቦቹ አንዱ ለአብዛኛው ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስ ነበር። ጥናቱ በጎ ሐሳቦች አልጠፉትም፤ ነገር ግን ወላጅና መምህር ሳይመክሩበት ተዘጋጅቶ በ1966 ዓ.ም. ይዘቱ ሲታወቅ ወላጆች "የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተፈረደበት" ብለው ተቆጡ። መምህራንም በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ። ስለ ልጅ የሚታቀድ ነገር፣ ሐሳቡ ጥሩ ቢሆን እንኳ፣ ወላጅ ካልተሳተፈበት እንደማይጸና ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ትምህርት የተገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት ቤት አስተዳደር ኅብረተሰቡን፣ መምህራንንና ተማሪዎችን እንዲያሳትፍ ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያም የወላጅና መምህር ኅብረትን ሥራ ዘረዘረ። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር አራት ዐበይት መስኮች ነበሩት፤ እነርሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። በዚህ መንገድ ወላጅ በወረቀት ላይ ወንበር አገኘ።

ነገር ግን ወንበር ማግኘትና መምራት አንድ አይደሉም። በብዙ ቦታ የኅብረቱ አባላት የሚጠሩት አጥር ሲፈርስ፣ ገንዘብ ሲሰበሰብ ወይም ተማሪ ሲጣላ ነበር። ልጆች መማር አለመማራቸውን የሚጠይቅ ጥቂት ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ደነገጠ፤ ችግሩ ግን ያን ዕለት የተወለደ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በሁለተኛ ክፍል ያልታየ ችግር በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ይታያል፤ ያኔ ግን ጊዜው አልፏል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚባለው ለዚህ ነው።

፫. ሌሎች ወላጆቻቸውን እንዴት አሠለጠኑ?

ከእኛ ጋር በኑሮ የሚቀራረቡትን እናስቀድም።

በኬንያ ምዕራባዊ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረ ሥራ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች ለአንደኛ ክፍል ተጨማሪ የኮንትራት መምህር የሚቀጥሩበት ገንዘብ ተሰጣቸው። ከእነዚህ ኮሚቴዎች ግማሾቹ ሥልጠናም አገኙ። ዕጩ መምህርን እንዴት እንደሚጠይቁ፣ መገኘቱን እንዴት እንደሚከታተሉና የሌሎችን ወላጆች አስተያየት እንዴት እንደሚሰበስቡ ተማሩ። ኮሚቴው በሠለጠነበት ትምህርት ቤት በዝምድና የሚቀጠር መምህር አነሰ፤ የኮንትራት መምህሩ ያስተማራቸው ልጆች ውጤትም የተሻለ ሆነ። ገንዘቡ ለሁሉም ተሰጥቷል፤ ልዩነቱን ያመጣው ዕውቀቱ ነው።

በዩጋንዳ ደግሞ 100 የገጠር ትምህርት ቤቶችን ባካተተ ጥናት የተወሰኑት ኮሚቴዎች ትምህርት ቤታቸውን በነጥብ መስጫ ወረቀት እንዲመዝኑ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ ወረቀቱ በባለሙያ ተዘጋጅቶ መጣላቸው። ሌሎቹ ግን "ለእኛ ትምህርት ቤት ዋናው ጉዳይ ምንድን ነው?" ብለው ተወያይተው መለኪያውን ራሳቸው አወጡ። ራሳቸው ባወጡት ዘንድ የመምህራንና የተማሪዎች መቅረት ቀነሰ፤ የልጆቹም ውጤት ተሻሻለ። ተዘጋጅቶ በመጣላቸው ዘንድ ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። ሰው ራሱ የመከረበትን ነገር ይጠብቃል።

ከሩቅ አገር ደግሞ የአሜሪካዋ ኬንታኪ አለች። በትምህርት ወደ ኋላ ከቀሩት ግዛቶች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1984 በአንድ ምሽት በየአካባቢው በተጠሩ ስብሰባዎች ወደ 20,000 የሚጠጋ ሕዝብ ስለ ትምህርት ቤቶቹ መከረ። በ1990 የትምህርት ሕጉ ተለወጠ፤ በየትምህርት ቤቱም ሦስት መምህራን፣ ሁለት ወላጆችና ርእሰ መምህሩ ያሉበት ምክር ቤት ተቋቋመ። ወላጆቹ ወንበሩን ቢያገኙም የትምህርት ቤት መረጃ ማንበብና በስብሰባ መከራከር አልለመዱም ነበር። ስለዚህ ፕሪቻርድ ኮሚቴ የተባለው የዜጎች ማኅበር በ1997 የወላጆች አመራር ማሠልጠኛ ጀመረ። ሥልጠናው በሦስት ዙር፣ በየዙሩ ሁለት ሁለት ቀን የሚሰጥ ነበር። የሠለጠነ ወላጅ ሁሉ በትምህርት ቤቱ አንድ ሥራ ለመሥራት ቃል ይገባል። ሥራው የልጆችን ትምህርት ማሻሻል፣ ሌሎች ወላጆችን ማሳተፍና ወላጁ ከሄደ በኋላም መዝለቅ አለበት።

እነዚህን ሦስት መስፈርቶች እንያዛቸው። አንድ ወላጅ ግድግዳ ቢያስቀባ መልካም ነው፤ ግን ልጆች የበለጠ ይማራሉ? ሌሎች ወላጆች ገብተውበታል? እርሱ ከተማ ቢለውጥ ይቀጥላል? ለሦስቱም "አዎ" የሚባልለት ሥራ የመሪ ሥራ ነው።

፬. አምስቱ ችሎታዎች

አንደኛ፣ ማየት። ከሁሉ የሚቀድመው የገዛ ልጅን ንባብ ማወቅ ነው። በብዙ አገሮች ወላጆች የሚጠቀሙበት ቀላል መንገድ አራት ደረጃ አለው፤ ፊደል፣ ቃል፣ አጭር አንቀጽና አጭር ታሪክ። ልጁ ሳይደናቀፍ የሚያነበው የመጨረሻው ደረጃ የእርሱ ደረጃ ነው። የእኛ ልጆች ፊደል ገበታውን ከ"ሀ ሁ ሂ" ጀምረው እንደ ዜማ በቃላቸው ይወጡታል። ስለዚህ በቅደም ተከተል አታስቆጥሩ። ከመካከል "ቴ" ላይ፣ ከዚያም "ጮ" ላይ፣ ቀጥሎ "ሙ" ላይ ጣታችሁን አሳርፉና ጠይቁ። ራሷ ማንበብ የማትችል እናትም ይህን ማድረግ ትችላለች። አንድ ገጽ ትክፈትና ልጁ ያንብብላት። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ገጽ ከመካከሉ እንዲጀምር ታድርገው። የሚያነብ ልጅ ያንኑ ይደግማል፤ ከቃሉ የሚያወራ ልጅ ሌላ ነገር ይናገራል። ቀጥሎ "ምን ይላል? ንገረኝ" ትበለው። ንባብ ማለት መረዳት ነውና።

ሁለተኛ፣ መጠየቅ። ጥያቄ ትክክለኛ ቃልና ትክክለኛ ሰው ይፈልጋል። "ለምን አታስተምሩም?" ስድብ ነው፤ መልሱም ቁጣ ይሆናል። "ልጄ ቃል ያነባል፣ አንቀጽ ላይ ግን ይቆማል፤ ክፍል ውስጥ እንዴት ነው? ቤት ምን ላድርግ?" የሚለው ግን መምህሩን አጋር ያደርገዋል። መንገዱም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የትምህርቱ መምህር፣ ቀጥሎ የክፍሉ ኃላፊ መምህር፣ ከዚያ ርእሰ መምህሩ፣ ከዚያ የወላጆች ኮሚቴ፣ በመጨረሻም የኮሙኒቲው ጽሕፈት ቤት ነው። መምህሩን ዘሎ ኮሙኒቲ ቢሮ የሚከስ ወላጅ ለአንድ ቀን ሊሰማ ይችላል፤ ልጁ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚውለው ከመምህሩ ጋር ነው።

ሦስተኛ፣ ማስተባበር። ብቻውን የሚጮህ ወላጅ "አስቸጋሪ ሰው" ይባላል። አሥር ወላጆች በአንድ ቃል ሲናገሩ ግን አጀንዳ ይሆናል። ይህን ችሎታ ከሌላ ቦታ አናመጣውም፤ በእጃችን ያለ ነው። እድራችን ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ደንብ አለው፤ የቀረ ይቀጣል። ድንኳን ለመትከል በአንድ ሰዓት የሚሰበሰብ ሕዝብ ለልጁ ንባብ መሰብሰብ አያቅተውም። ዋናው ነገር ሰዓቱን ማወቅ ነው። ሥራ በሚበዛበት ቀን ጠዋት የተጠራ ስብሰባ ሻይ የምትሸጠውን እናት አያገኝም። ዓርብ ከዓስር ሶላት በኋላ ቢሆን ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመቸዋል። የሰሊጥ አጨዳ ሳይጀመር አንድ ጊዜ፣ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ መሰብሰብ ይሻላል። የእናቶች ወንበርም ይጠበቅ። የሕንድ የ2009 (እ.ኤ.አ.) የትምህርት መብት ሕግ ከትምህርት ቤት ኮሚቴ አባላት ሦስት አራተኛው ወላጆች፣ ግማሹም ሴቶች እንዲሆኑ ያዛል። የልጁን የቤት ሥራ በየቀኑ የምታይ እናት ከኮሚቴው ውጪ ከሆነች ኮሚቴው የሚመክረው ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

አራተኛ፣ መመዝገብ። ያልተጻፈ ስምምነት እንደ ነፋስ ነው። ቃለ ጉባኤ ቢያንስ አራት ነገሮችን ይያዝ፤ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ፣ በምን ገንዘብ። መዋጮ ከተሰበሰበ ገቢና ወጪው በሚቀጥለው ስብሰባ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ደረሰኙም ይታይ። የብዙ ኮሚቴዎች ሞት ስርቆት ሳይሆን ጥርጣሬ ነው፤ የጥርጣሬ መድኃኒቱም ግልጽ ሒሳብ ነው።

አምስተኛ፣ መጽናት። "ብልህ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል" ይባላል። የተገኘውን ትንሽ ነገር አመስግኖ መቀበል፣ የቀረውንም ደጋግሞ መጠየቅ ማለት ነው። ሃያ መጽሐፍ ተጠይቆ አምስት ቢመጣ አምስቱን መናቅ ሞኝነት ነው፤ በአምስቱ ረክቶ ዝም ማለትም ስንፍና ነው።

፭. አንድ የልምምድ ምሳሌ

የሚከተለው ለትምህርት እንዲሆነን የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። በአንድ አራተኛ ክፍል 42 ተማሪዎች አሉ እንበል። ወላጆችና መምህሩ ተስማምተው ንባባቸውን ሲያዩ 16 ልጆች አጭር አንቀጽ ማንበብ አቃታቸው። ያልሠለጠነ ስብሰባ እዚህ ላይ "መምህሩ ሰነፍ ነው"፣ "የለም ወላጁ ነው" እየተባባለ ይበተናል።

የሠለጠነ ስብሰባ ግን "እነማን ናቸው? ለምን?" ብሎ ይጠይቃል። ሲጣራ 9ኙ በሰሊጥ አጨዳ ብዙ ቀን የቀሩ ሆኑ። 4ቱ ከዓረብኛ ትምህርት ቤት ዘንድሮ የመጡ፣ ፊደሉ ያልገባቸው ናቸው። 3ቱ ደግሞ ሰሌዳው አይታያቸውም። ለሦስት ዓይነት ምክንያት አንድ ዓይነት መድኃኒት አይሠራም። ለ9ኙ ቅዳሜ ጠዋት የማካካሻ ንባብ ይዘጋጃል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ወላጆች ልጅን በአጨዳ እንዳያስቀሩ ይስማማሉ። ለ4ቱ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ለእያንዳንዳቸው ተመድቦ ፊደል ያስጠናል። 3ቱ ፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ ወላጆቻቸውም ዓይናቸውን ያስመረምራሉ። ርእሰ መምህሩ የክፍሉን ቁልፍ ይፈቅዳል፤ ሁለት ወላጆች በየተራ ክፍሉን ከፍተው ይጠብቃሉ። ከስምንት ሳምንት በኋላ ያው ንባብ እንደገና ይታያል፤ ውጤቱም ለሁሉም ይነገራል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም። የጠየቀው መቁጠርን፣ ምክንያትን መለየትንና ሥራን መከፋፈልን ነው። አሁን ሦስቱን መስፈርቶች አስታውሱና ምሳሌውን መዝኑት።

፮. ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ ስንቆም

አንዳንድ ችግር ትምህርት ቤቱ ብቻውን አይፈታውም። ጥብቅና የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጥብቅና ማለት መጣላት አይደለም፤ መብትን አውቆ፣ በአክብሮት፣ በጽሑፍና በኅብረት መጠየቅ ነው።

ማወቅ ያለብን ሦስት ነገሮች አሉ። ሱዳንም ኢትዮጵያም የተቀበሉት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ሕፃን በነፃ እንዲዳረስ ይላል። እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 22 ስደተኛ ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከአገሬው ልጅ እኩል እንዲታይ ያዛል። በታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የኢጋድ አባል አገሮች በጅቡቲ መግለጫ የስደተኞችን ትምህርት በየአገራቸው ሥርዓት ለማካተትና የትምህርት ማስረጃቸውን ዕውቅና ጉዳይ ለማስተካከል ቃል ገብተዋል። እነዚህን ሰነዶች ይዞ ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛ መምታት አይጠቅምም። በማመልከቻ ላይ በትሕትና መጥቀስ ግን ልመናን ወደ ሕጋዊ ጥያቄ ይለውጣል።

ከመብቱ ጋር የወላጅ ድርሻም አለ። ብዙ ልጅ የሚሰናከለው በወረቀት ነው። በእኛ ልማድ ስም እስከ አያት ሦስት ነው፤ እዚህ አገር አራት ስም ይጠየቃል። በአማርኛ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስም ሲለያይ ሸሃዳው የሌላ ሰው ይመስላል። የልደት ዓመቱ በአንዱ ወረቀት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በሌላው በፈረንጅ ሲጻፍ ልጁ ሰባትና ስምንት ዓመት ይተልቃል ወይም ያንሳል። ስለዚህ የወላጆች ኮሚቴ በምዝገባ ሰሞን አንድ ቀን መድቦ የሁሉንም ተማሪ ስምና የልደት ቀን በሦስቱ ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር ቢያመሳክር፣ ከዓመታት በኋላ የሚፈሰውን እንባ ያስቀራል። የየዓመቱ ካርድም ማኅተም ያለበት ቅጂ ተወስዶ ከቤት ውጪ በሌላ ቦታም ይቀመጥ። ከጦርነት የሸሸ ሰው የወረቀትን ዋጋ ያውቃል።

፯. መጠንቀቅ ያለብን

ወላጅ ሲሠለጥን የመምህሩ አለቃ አይሆንም። ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ የሚያውቀው መምህሩ ነው፤ ልጁ ቤት እንዴት እንደሚውል የምናውቀው እኛ ነን። ሁለቱ ዕውቀቶች ሲገናኙ ነው ልጅ የሚጠቀመው። የመምህሩ ደሞዝ ሲዘገይ መጀመሪያ መናገር ያለበትም ወላጅ ነው። የራሱን ደሞዝ ሲለምን የሚውል መምህር በምን ልቡ ያስተምራል?

ኮሚቴው የአንድ ብሔር፣ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ፖለቲካ መድረክ እንዳይሆንም እንጠንቀቅ። በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ልጆችን የአባቶቻቸው ጠብ ሊለያያቸው አይገባም። ደግሞም መሪ ወላጅ ለገዛ ልጁ ብቻ አይቆምም፤ አባቱ እርሻ ለወረደው፣ እናቱ ለሌለችው ልጅም ይናገራል።

፰. ለሚመጣው ዓመት የሥልጠና ሐሳብ

ሥልጠናው በሦስት ዓርብ ቢከፈል ይመቻል። በመጀመሪያው ዓርብ "ማየት" ይሁን፤ ወላጆች የንባብ መለኪያውን ይለማመዱ፤ የውጤት ካርድ እንዴት እንደሚነበብም መምህራን ያስረዱ። በሁለተኛው "መጠየቅና ማስተባበር" ይሁን፤ አንዱ መምህር፣ አንዱ ወላጅ ሆነው ውይይቱን ይለማመዱ፤ ማመልከቻና ቃለ ጉባኤም በቡድን ይጻፍ። በሦስተኛው እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሥራ ይምረጥና በሦስቱ መስፈርቶች ይመዝነው፤ የሚጨርስበትንም ቀን ይቁረጥ። ማንበብ የማይችል ወላጅ እንዳያፍር ከሚችል ጋር ይጣመር። ሕፃን የያዘች እናት እንዳትቀር ልጆቹን የሚጠብቁ ከፍ ያሉ ተማሪዎች ይመደቡ። ሲያልቅም የሠለጠኑት ለሚቀጥሉት ያሠልጥኑ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ እናንተንም ይመለከታል። ማታ ደብተራችሁን ዘርግታችሁ ለእናታችሁ አንድ ገጽ አንብቡላት። ያልገባችሁን "ገብቶኛል" አትበሉ። "ወላጅ አምጣ" በተባላችሁ ቀን ብቻ ሳይሆን፣ ጥሩ በሠራችሁ ቀንም ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።

በቤት ውስጥ የሚወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. ልጃችን ከአራቱ የንባብ ደረጃዎች በየትኛው ላይ ነው? በምን አወቅን?
2. ዘንድሮ ስለ ትምህርት ቤቱ ያሰማነው ስሞታ ምን ነበር? ለማን ነገርነው? ወደ ጥያቄ ብንለውጠው ምን ይባላል?
3. የልጃችን ስምና የልደት ቀን በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ነው?
4. እኛ ከገዳሪፍ ብንሄድ፣ ለትምህርት ቤቱ ከሠራነው የሚቀጥለው የትኛው ነው?

አራተኛውን ጥያቄ ደጋግመን እንጠይቀው። ብዙዎቻችን እዚህ የኖርነው "ለጊዜው ነው" እያልን ነው። ጊዜያዊ ያልነው ኑሮ ግን ለልጆቻችን ሙሉ ልጅነታቸው ነው። ነገ አገራችን ብንገባም፣ እዚሁ ብንሰነብትም፣ ዛሬ ማንበብ የተማረ ልጅ ትምህርቱን ይዞት ይሄዳል። መጠየቅ የተማረ ወላጅም እንዲሁ ነው።